የማይበላሸውን አድርጉላት

ገንዘብ ማሰባሰብ እችልበታለሁ ብዬ አምን ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ስነዳ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለውን ሐበሻ ግማሹን በስም፣ ግማሹን በመልክ አውቀዋለሁ። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ አዋጥተናል። ቤት ለተቃጠለበት፣ ሥራ ላይ ሳለ ለተጎዳ ሾፌር፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አዋጥተናል። ሬገን ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከመኪና መኪና ሲዞር ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ዛሬ ደግሞ ማን ነው?" ይላል፤ መልሱን ሰምቶ ሳይጨርስ እጁ ኪሱ ይገባል። ስለዚህ ከዳንግላ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ገንዘብ ይሰብሰብላት የሚል መልእክት ሲደርሰኝ፣ የማውቀው ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ። አለማወቄን የተረዳሁት ገንዘቡ ሞልቶ፣ ልጅቷ ታክማ፣ እኛም ተመራርቀን ከተለያየን በኋላ ነው።

ሕመሟ እንግዳ ሕመም አልነበረም። ትንሽ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እንደ ብዙዎቻችን እንጥሏን አስቆረጧትና ተሻላት ተባለ። ቆይቶ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቀ አበጠ። ብርድ ነው ተባለ፤ እሱም በራሱ ጊዜ ተዋት። ጉሮሮ ላይ የሚወጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊመታ ይችላል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ ቫልቭ ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህንን ነው። በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ እኛ ጋ ግን አሁንም የወጣቶች በሽታ ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ዳገት መውጣት አቃታት፤ ሌሊት ትራስ ደርባ ቁጭ እንዳለች ማደር ጀመረች። ባሕር ዳር ወስደው ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ አስነሷት። በልቧ ግራ በኩል ካሉት ቫልቮች አንዱ ጠብቧል፣ ደምም ወደ ኋላ ይመልሳል ተባለ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማወራው። ያን ጊዜ ያነበብኩት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር፤ ቫልቭ መቀየር፣ ሕንድ አገር፣ ይህን ያህል ዶላር።

ለምን ሕንድ አገር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የልብ ቀዶ ሕክምና በአገራችን ገና ወጣት ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠርቱ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ ከመላክ በቀር መንገድ አልነበረም። እየለመኑና እየላኩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ሕክምናው በነፃ ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ግን ሺዎች ናቸው፤ ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ዕቃ ሲጠፋ ወረፋው ይቆማል። የኛዋ ልጅ ደግሞ ከሕፃንነት አልፋለች፤ ትንፋሿም ወረፋ የሚጠብቅ አልነበረም። ዶክተር በላይ ልጆችን አንድ በአንድ ከመላክ አልፈው፣ ዛሬ የተቀደደ ልጅ ነገም የሚመለስበት ቤት መሥራታቸውን ስሰማ ያን ጊዜ ያደነቅኩት ሕንፃውን ነው። ለምን "የሚመለስበት" እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር።

ኮሚቴው የተቋቋመው ዩ ስትሪት ላይ ነው። ይህ ጎዳና ድሮ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ መናኸሪያ ነበር፤ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ተቃጠለ፤ ከዚያም ለዓመታት ብዙው ቤት ተዘግቶ ኖረ። የባቡር ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1991 ተከፍቶ መንደሩ ነፍስ ሲዘራ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ከነበሩት ምግብ ቤቶቻችን አንዳንዶቹ ወደዚህ ወረዱ፤ ዘጠነኛው መንገድ በአማርኛ ጽሑፍ ተሞላ። አሁን ኪራዩ ብዙዎቻችንን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ገፍቶናል፤ ለሰርግም ለለቅሶም ለልመናም የምንገናኘው ግን ዛሬም እዚሁ ነው። ለሁለቱም ወገን መሀል ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጠን ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ድርጅት ገጽ የሚከፍት ሰው መረጥን፤ ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገንዘብ ስለማያስገባ ሒሳቡ እዚህ ባለ ሰው ስም መሆን ነበረበት። ከዚያ ፎቶ ተጠየቀ። ልጅቷ ራሷ ነበረች የላከችው። ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቆማ ፈገግ ብላለች። ጥርሷ ያምራል። ፎቶው በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና እኔ ጋ ሲደርስ "ይኼ አይሆንም፣ የታመመች አትመስልም" አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። ለአጎቷ ደወልኩና አልጋ ላይ ያለችበትን እንዲልክ ነገርኩት። ላከ፤ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን፣ ፀጉሯ የተበተነ፣ ከነጠላዋ ሥር አጥንቷ የወጣ። ያንን ለጠፍነው። ዳንግላም ኢንተርኔት እንዳለ፣ የሰፈር ሰውና የክፍሏ ልጆች ያንኑ ፎቶ እንደሚያዩት፣ ከዳነች በኋላ እንኳ ስሟ "ያቺ የልብ በሽተኛዋ" ሆኖ እንደሚቀር አላሰብኩም። እኔ ያሰብኩት ዩ ስትሪት ላይ ስልኩን ከፍቶ የሚያየውን ሰው ብቻ ነው።

የልመናው ምሽት ደመቀ። ሕዝባችን በዚህ አይታማም። ከአሌክሳንድሪያ የፓርኪንግ ሠራተኞች የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መጡ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እናቶች ዳቦ ጋግረው አመጡ፤ ዳቦው ለጨረታ ቀረበና ሁለት ጓደኛሞች እየተፎካከሩ ዋጋውን ሰማይ ሰቀሉት፤ ያሸነፈው መልሶ ለጨረታ ሰጠው። የመድረኩ መሪ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እያለ በየጠረጴዛው ዞረ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ 5 ዶላር አጣጥፈው በእጄ አስያዙኝ፤ በስልክ ቢልኩት ከ5 ዶላሩ ላይ 45 ሳንቲም ገደማ ለክፍያ እንደሚቆረጥ ልጃቸው ነግሯቸው ነው። የተነሣንለት 15,000 ዶላር ነበር፤ አልፎም ተረፈ። ሌሊት ወደ ቤቴ ስነዳ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ያ ደስታ እውነተኛ ነበር፣ አሁንም አልክደውም። ክፋቱ ግን በዚያ ምሽት ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ገንዘቡን በቀጥታ ለሆስፒታሉ አስተላለፍን፤ ለእሷና ለአጎቷ የሕመምተኛና የአስታማሚ ቪዛ ወጣ፤ ሕንድ፣ ቤንጋሉሩ ገቡ። ሁለቱም እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ፣ በስልክ። እዚያ ነግቶ ሐኪሞች በየአልጋው ሲዞሩ እዚህ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ተደወለልኝ። ዩ ስትሪት ላይ ነበርኩ፤ መጠጥ ቤቶቹ ሞልተዋል፣ ሙዚቃው ከየበሩ ይወጣል። መኪናዬን ዳር አስያዝኩ።

ቀዳጁ ሐኪም ቀስ ብሎ፣ በትሕትና አስረዳኝ። ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ። አንዱ ከብረትና ከመሰል ነገር የሚሠራ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ያገለግላል፣ ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከእንስሳ አካል የሚዘጋጅ ነው፤ ዕድሜ ልክ ማቅጠኛ ላያስፈልገው ይችላል፣ ግን ወጣት ሰው ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ መቀደድ ይመጣል። ከዚያ "ልጅቷ ወደፊት መውለድ ታስብ እንደሆነ ጠይቅልኝ" አለኝ። መድኃኒቱ ፅንስን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ለእናቲቱም እርግዝናው አደጋ አለው፤ ስለዚህ ምርጫው የእሷ ነው አለ።

እኔ ይህን አላስተረጎምኩም። አጎቷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል፤ እሱ ፊት አንዲትን ኮረዳ ስለ መውለድ መጠየቅ አሳፈረኝ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ዳግመኛ መቀደድ ሲባል የታየኝ ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ልመና፣ ሌላ 15,000 ዶላር ነበር። "ሁለት ዓይነት አለ" አልኩ በአማርኛ፤ "አንዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ አንዱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይበላሻል።" አጎቷ ዝም አለና "አንተ ምን ትላለህ ወንድሜ?" አለኝ። "የማይበላሸውን አድርጉላት" አልኩ። ለሐኪሙም በእንግሊዝኛ ተስማምታለች ብዬ ነገርኩት። መስኮቴን ተሳፋሪ አንኳኳ፤ ስልኩን ዘጋሁና በሩን ከፈትኩለት። በዚያ ጥሪ ላይ የእሷን ድምፅ አልሰማሁም።

ቀዶ ሕክምናው ሰመረ። ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለተኛ ምሽት አዘጋጀን፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን እስከ ሳንቲሟ አነበበ፤ የተረፈው ለሌላ ሕመምተኛ እንዲሰጥ ተወሰነና ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ መታየት አለበት፤ መጠኑ ቢያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ቢበዛ ደም አልቆም ይላል። ለምርመራው ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረባት፤ የትራንስፖርቱ፣ የምርመራው፣ የመድኃኒቱ ሒሳብ የኮሚቴው ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልነበረም። በጾሙ ወራት እንደ ብዙው የጎጃም ሰው ጎመን ትበላለች። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በጾሙ መካከል ስትመረመር ደሟ ወፍሮ ተገኘና የክኒኑ መጠን ከፍ ተደረገላት። ፋሲካ ሆነ፤ ጎመኑ ቀረ፣ ዶሮውና ዕንቁላሉ መጣ፤ ክኒኑ ግን በነበረበት ከፍታ ቀጠለ። ለሚቀጥለው ምርመራ የሚሆን የመኪና ብር አልነበራትም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሌሊት ነስር ያዛት፤ ሳይቆም አደረ። እናቷ ጋቢዋን እያጠፈች ስትደግፍበት ጋቢው ደም ብቻ ሆነ። ጎረቤት ተጠርቶ፣ መኪና ተለምኖ ባሕር ዳር አደረሷት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

እኔ ይህን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሕመምተኞችን የምትከታተል አንዲት ነርስ አውቃለሁ። ሄጄ ነገርኳት። ሲስተር ጨርሳ ከሰማችኝ በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ "ስለ ጎመኑ ማን ነገራት?" መልስ አልነበረኝም። ጎመን ክልክል አይደለም አለችኝ፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ብዙ እንዳይለዋወጥ ነው፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ምርመራው ይደጋገማል። ጾም የሚጾሙ ሕመምተኞቿን ቀኑን ቆጥራ ቀድማ ትደውልላቸዋለች። ከዚያም "በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌዋንስ ትወጋለች?" አለች። ሩማቲክ ሕመሙ ተመልሶ የቀሩትን ቫልቮች እንዳይጎዳ መርፌው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይቀጥላል። ያንንም አላወቅኩም ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ በገንዘቡ ሁሉ የአንድ ቀን ዕቃ ብቻ የገዛን ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን ራሷን ማነጋገር የጀመርኩት። መጀመሪያ ስለ ምርመራዋ፣ ስለ መኪና ብር ነበር። አንድ ቀን "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?" አለችኝ። "ጠይቂኝ እንጂ የኔ ልጅ።" ትንሽ አመነታችና "ልጅ መውለድ እችላለሁ?" አለች። ሽማግሌ ሊልክ የሚፈልግ ልጅ አለ። በዚያች ሌሊት ዩ ስትሪት ላይ ያላስተረጎምኩት ጥያቄ ይኸው ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን፣ እኔ ያስቀረሁትን፣ ለምን እንዳስቀረሁት፣ የገንዘቡንም ነገር ጭምር። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። "አለሁ" አለች። ቆይታ "ያኔ ቢነግሩኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ሁለተኛ መቀደዱንም እፈራ ነበር" አለች። "ብቻ ይንገሩኝ ነበር፣ ጋሼ።" ከዚያ ስለ ፎቶው ነገረችኝ፤ ያልጠየቅኳትን፣ ይዛው የኖረችውን። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ዛሬም ገንዘብ እንሰበስባለን፤ የተውን እንዳይመስላችሁ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ስሕተቱ የሚያዝን ሰው አይጠቅምም። ነገር ግን አሁን የታመመው ሰው አቅመ አዳም ከደረሰ መጀመሪያ የማነጋግረው እሱን ነው፤ አጎትና ወንድም ቀጥሎ ይመጣሉ። የትኛው ፎቶ ይለጠፍ፣ ይለጠፍስ ወይ፣ ምን ይጻፍ የሚለውን ይወስናል። ማስተርጎሙን ለሲስተርና ለጓደኞቿ ትቼዋለሁ፤ ሐኪሙ ያለው ሁሉ ይነገራል። በጀት ሲወጣ ከቀዶ ሕክምናው እኩል የሚከተሉት ዓመታት ይሰላሉ፤ ምርመራው፣ ክኒኑ፣ መርፌው፣ ባሱ። ሒሳቡን ለመዝጋት አይቸኮልም።

ይህ ቀላል አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ሲባል አዳራሽ ይሞላል፤ ለባስ መሳፈሪያና ለደም ምርመራ ሲባል ሰው ይቀዘቅዛል። ዳቦ አይጫረትም። እናም ከታክሲ ጓደኞቼ ጋር እንደ እድር አደረግነው፤ በየወሩ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ፣ ወረቀቱን እኔ ይዤ በታክሲዎቹ ግቢ ውስጥ እዞራለሁ። የሚሞላ ወርም አለ፣ የማይሞላም አለ። የልጅቷ ታናሽ ወንድም ባለፈው ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ቆራጭ ሊጠሩለት ነበር፤ እሷ ናት ጎትታ ጤና ጣቢያ የወሰደችው። የአንድ መርፌ ፔኒሲሊን ዋጋ እኛ ዩ ስትሪት ላይ ለአንድ ሲኒ ቡና ከምንከፍለው ያነሰ ነው።

ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ የልብ ሐኪም እንድታማክር ያደረግነው በዚሁ በየወሩ በምናዋጣው ገንዘብ ነው። ከጓደኛዋ፣ ከዚያው ሽማግሌ ሊልክ ከሚፈልገው ልጅ ጋር ነው የሄደችው። እኔ መሀል አልገባሁም፤ በአማርኛ ጠይቃ በአማርኛ መልሱን ሰማች። እርግዝናው ፈጽሞ የማይቻል እንዳልሆነ፣ አደጋው ግን ትንሽ እንዳልሆነ፣ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሞቹ ጋር መመካከር እንዳለባት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክኒኑ በደም ማቅጠኛ መርፌ ሊቀየር እንደሚችል፣ ያም የቅርብ ክትትል እንደሚፈልግ፣ የምትወልደውም የልብ ሐኪም ባለበት ትልቅ ሆስፒታል መሆን እንዳለበት ነገሯት። ገና አልወሰኑም። ስትደውልልኝ ለጉዞው ከላክነው ብር የተረፈ እንዳለ ጠየቅኋት። ለሚቀጥለው ወር ምርመራ አስቀምጣዋለች።